«አልጋ አለ»

(ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ)

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ሴሚስተር የፊቸር አጻጻፍ መምህራችን «ከሰፈራችሁ አንድ ጉዳይ ይዛችሁ ኑ» ብለው የቤት ሥራ ሲሰጡን፣ ከሁሉም ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። «አርባ ምንጭ ውስጥ ያለ ንግድ ፈቃድ በመኖሪያ ግቢ የሚከራዩ አልጋዎች» አልኩ፤ ኮራ ብዬ። መምህራችንም «ርዕሱ ጥሩ ነው፤ ግን ቁጥርና መመሪያ ብቻ ቆልለሽ እንዳትመጪ። ነገሩ የነካው አንድ ሰው ፈልጊ» አሉኝ። አከራይዋ እናቴ እንደሆነች፣ ማስታወቂያውንም የጻፍኩት እኔው ራሴ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ሌላ ግቢ ፈልጌ፣ የማላውቃቸውን አንዲት ሴትዮ አነጋግሬ፣ ሁለት ገጽ ጽፌ አስረከብኩ። ውጤቴም ደህና ነበር። ይኼኛው ያኔ ያልጻፍኩት ነው።

ግቢያችን ሲቀላ ነው። አርባ ምንጭን ለማታውቁ፣ ከተማችን ሁለት ናት ማለት ይቻላል፤ ታች ሲቀላ፣ ላይ ሴቻ፣ መሐላቸው አቀበት። ባጃጅና ሚኒባስ ቀኑን ሙሉ ሲያመላልስ ይውላል። አባቴ የዶርዜ ሰው ነበር። እንደ ብዙዎቹ የዶርዜ ልጆች ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ ኖሮ፣ ባጠራቀማት ብር ይቺን ቤት ሠራ፤ እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሞተ። ከፊት ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት፣ ከጓሮ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች፣ መሐል ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ። ከሁለቱ ሰርቪስ በአንዱ ወንድሜ ይተኛል። ሌላው የሲስተር ነበር።

ስሟን አልጠቅስም። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ነው የሚላት፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። በ2013 ዓ.ም. አንድ ሻንጣና አንድ የታዘለ ልጅ ይዛ መጣች። ክፍሉን ስታይ ስለ ቀለሙም ስለ ወለሉም አልጠየቀችም፤ «አጎበር የሚሰቀልበት ምስማር አለው ወይ?» ነበር ያለችው። የለውም ነበር። በማግስቱ መዶሻ ተውሳ ራሷ ኮርኒሱ ላይ መታችው። እኛ ጋ ወባ ቀልድ አይደለም። ኪራዩ ቀስ በቀስ ጨምሮ በ2016 ዓ.ም. 2,200 ብር ደርሶ ነበር። አንድም ወር አሳልፋ አታውቅም። ውል የሚባል ወረቀት ግን አልነበረንም። ማን ይጽፋል? ቡና አብረው ጠጡ፣ ተስማሙ፣ አለቀ።

አሁን ወደ 2016 ዓ.ም. የምረቃ ሰሞን ልውሰዳችሁ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ተቋምነት ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በርካታ ካምፓሶች አሉት፤ ምረቃ በደረሰ ቁጥርም ከአራቱም ማዕዘን ወላጅ ይጎርፋል። ሆቴሉ፣ ሎጁ፣ ፔንሲዮኑ ከሳምንት በፊት ይያዛል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ላይ የምትሰሙት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አልጋ አለ?» ባጃጅ ሾፌሩን ይጠይቁታል፣ ሱቁን ይጠይቁታል፣ እኔን እንኳ ዳቦ ይዤ ስመለስ ሦስቴ ጠይቀውኛል።

እማዬ ያን ዓመት ሲስተርን ጠራቻትና «ልጄ፣ ለስድስት ሌሊት ብቻ እኛ ሳሎን እደሩ፤ ክፍልሽን ለእንግዳ ልስጠው። የስድስት ቀኑን ኪራይ እቀንስልሻለሁ» አለቻት። ሲስተርም «ምን ችግር አለው እትዬ» አለች። ዕቃዋን አንድ ጥግ ሰብስባ በአንሶላ ሸፈነችው። ሁለቱን ሌሊት የአዳር ተረኛ ስለነበረች ልጇ ከኔ ጋር አደረ።

የመጀመሪያው እንግዳችን ከሰሜን ሸዋ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ወንድሜ ነው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ አካባቢ ጋቢ ለብሰው፣ በትር ይዘው፣ አጥር ተደግፈው ቆመው ያገኛቸው። ልጃቸው ሊመረቅ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ መጥተው ማደሪያ አጡ። ወደ ክፍሉ ስናስገባቸው አልጋው ላይ አልተቀመጡም። አልጋው ሥር የሕፃን ነጠላ ጫማ አይተዋል። «የዚህ ክፍል ባለቤት የት ሊያድር ነው?» አሉ። እማዬ «ከኛው ጋር ነው አባቴ፣ ቤተሰብ ነን» አለቻቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲያ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተኙ። ሁለት ሌሊት አደሩ። ሲሄዱ 1,200 ብር ሲቆጥሩ እማዬ ግማሹን መለሰችላቸው። እሳቸው ደግሞ ከዚያው ላይ 50 ብር አንስተው ለሲስተር ልጅ «ጫማህን አስነሣሁብህ» ብለው ሰጡት።

የቀሩትን አራት ሌሊቶች ሌሎች ሰዎች በ600 ብር አደሩ። በጠቅላላው 3,000 ብር። በስድስት ሌሊት የወሩ ኪራይ አለፈ ማለት ነው! እማዬ ብሩን ደጋግማ ስትቆጥር አየኋት። ወዲያው ነው እኔም ሥራዬን የጀመርኩት።

ምን ልበላችሁ፣ ያኔ ለኮሌጅ ስዘጋጅ ነበር፤ «ሚዲያ» የሚባል ነገር አናቴ ላይ ወጥቷል። የክፍሉን ፎቶ በስልኬ አነሣሁና ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። «አልጋ አለ! ንጹህ፣ ጸጥ ያለ ግቢ፣ ውሃ 24 ሰዓት፣ ለመናኸሪያ ቅርብ።» የመጀመሪያው ሕትመቴ ነው እንግዲህ። «ውሃ 24 ሰዓት» ያልኩት ሮቶውን ይዤ ነው፤ እኛ ሰፈር ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ቢመጣ ነው። በአርባ ምንጮች ስም የተጠራች ከተማ ላይ ተቀምጦ ጄሪካን መደርደር ያስቃል፤ ግን ሌላ ርዕስ ስለሆነ ልለፈው።

ስልክ መደወል ጀመረ። ለጥምቀት የሚመጣ አለ፣ ለስብሰባ የሚመጣ አለ፣ አዞ ገበያውንና ነጭ ሣርን ለማየት ከአዲስ አበባ የሚመጣ የወጣት ቡድን አለ። በዚያ ላይ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አርባ ምንጭ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ስለሆነች ለሥራ የሚመላለሰው ሰው በዝቷል። ለአንድና ለሁለት ሌሊት የሚፈልግ፣ ደረሰኝ የሚጠይቅ፣ የማይጠይቅም። እኔም በየጊዜው «ይቅርታ፣ ለአሁኑ ተይዟል» እላለሁ። የተያዘው በሲስተር ነው።

«ተይዟል» ማለት በሰለቸኝ ቁጥር ለእማዬ እነግራታለሁ። ዛሬ ሦስት ሰው መለስኩ፤ ዛሬ አምስት መለስኩ... እንዲህ እያልኩ። ማንም አላስገደደኝም። የ2017 ዓ.ም. ግንቦት ሲገባ እማዬ ሲስተርን ቡና አፍልታ ጠራቻትና ክፍሉን እንድትለቅላት ነገረቻት።

ሲስተር አልጮኸችም። ቀበሌም ፍርድ ቤትም አልሄደችም። ሁለት ቤት ዘለው ወደሚኖሩት፣ ሰፈሩ «ጋሼ» ወደሚላቸው ጡረተኛ ሽማግሌ ሄደች። ጋሞ አገር ነገር ሲመጣ መቀመጥ ወግ ነው። ደጋ ወጣ ብላችሁ ያየችሁ እንደሆነ በየአካባቢው ዱቡሻ አለ፤ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ክርክር የሚሰማበት ሜዳ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መንገድ ላይ ተንበርክከው፣ በቁጣ የወጣውን ወጣት እንደመለሱት አገር አይቶታል። የእኛ ጉዳይ ይኼን ያህል የሚያደርስ አይደለም፤ ሦስት ሽማግሌዎች ማንጎው ሥር ወንበር አወጡ፣ በቃ።

ጋሼ እማዬን ጠየቋት።

«ይቺ ልጅ ያስቀየመችሽ ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

«ኪራይ አስቀርታብሽ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ።»

«ቤቱን አበላሽታለች?»

«እንዲያውም አሳምራዋለች።»

«እንግዲያ ለምን ትወጣለች?»

እማዬ ነጠላዋን ስታስተካክል ቆየች። ከዚያ «ልጄን ላስተምርበት ነው ጋሼ» አለች። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ረከቦቱ አጠገብ ስኒ ስደረድር ነበር፤ የምገባበት ጠፋኝ። የኮሌጅ ክፍያዬን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችሁ የምትከፍሉት እሱኑ ነው።

ሲስተር ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የተናገረችው። «እኔ እኮ አልካሰስም። ግን ሬዲዮ ላይ የሰማሁት አዋጅ ተከራይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል ይላል» አለች። እማዬም «እኔና አንቺ መቼ ወረቀት ተጻጻፍን?» አለቻት። በክፋት አልነበረም፤ እውነቷን ነው የገረማት። ሽማግሌዎቹ የሁለት ወር ጊዜ ይሰጣት ብለው ፈረዱ፤ እማዬም የአንዱን ወር ኪራይ ማረች። ሲስተር ሁለቱን ወር አልጠበቀችም። ሴቻ አንድ ክፍል አግኝታ በሰኔ ወጣች። ኪራዩ ከኛ ይበልጣል፤ ለሥራዋም ይርቃል። ምስማሩን ልትነቅል ፈልጋ «ይቅር፣ ለእንግዳውም ይሆነዋል» ብላ ተወችው።

አዋጁን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጋዜጠኛ ነኝ ባይ ዘግይቼ። ሲስተር የሰማችው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ የተወካዮች ምክር ቤት በመጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። የኪራይ ዘመኑ በመርሕ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪውም አከራዩ ደስ እንዳለው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያስታውቀው ልክ ነው። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ መወሰኑ ደግሞ በየክልሉ ላይ የሚወድቅ ነገር አለው።

ጋሼ ይኼን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «አንቺ ምን አየሽ! በ67 ዓ.ም. የወጣውን ብታይ ምን ልትዪ ነው?» አሉኝ። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ማለታቸው ነው፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበት። አንድ ሰው ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ ቀበሌ አከራይ ሆነ። እሳቸው እስከዛሬ የሚኖሩት በቀበሌ ቤት ነው። «እኔን ማንም አላስወጣኝም፤ ጣራውንም ማንም አልጠገነልኝ» አሉ። ይቺን ንግግራቸውን ለፊቸሬ በተጠቀምኩባት ኖሮ!

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዋጁን ሳነብ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። 1320 የሚናገረው ስለ መኖሪያ ቤት ኪራይ ነው። በሌሊት ስለሚከራይ አልጋ አይደለም፤ እሱ የእንግዳ ማረፊያ ሥራ ነው፣ ንግድ ነው። ግብሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የቤት ኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ «ሐ» ነው የሚታየው። ስለዚህ ያው ክፍል፣ ያው አልጋ፣ ያው ምስማር በወር ሲከራይ ተከራዩን የሚጠብቅ ሕግ አለው፤ በሌሊት ሲከራይ ግን ከዚያ ሕግ ሾልኮ ይወጣል። አከራዩ አንድ እርምጃ ነው የሚሄደው፤ ተከራዩ ከሲቀላ ሴቻ።

የመንግሥት ሰው የመጣው በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ነው። ማን እንደጠቆመብን አላውቅም፤ ምናልባት የኔው ቴሌግራም ነው። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ ሰውየው ትሑት ነበሩ፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ንግድ ፈቃድ ጠየቁ። የለም። ቲን ቁጥር? የለም። የእንግዳ መዝገብ? የለም። እሳት ማጥፊያ? እማዬ ወደ ሮቶው አመለከተች። «እናቴ፣ አልጋ ማከራየት ንግድ ነው፤ ይኼ ደግሞ የመኖሪያ ቤት ነው። ወይ አስተካክለው ይሥሩ፣ ወይ ያቁሙ» አሏት። እማዬ «የራሴን ቤት?» አለች። ሰውየው «የራስዎን ቤት» አሉ። ከዚያ ማስጠንቀቂያ ጽፈው ሰጥተዋት ሄዱ።

እማዬ ልታስተካክል ሞከረች። ክረምቱን ሙሉ ስትመላለስ ነው የከረመችው። አንዱ ቢሮ መጀመሪያ ካርታውን አሳዪ ይላታል። ካርታው የመኖሪያ ነው፤ ወደ ሌላ ቢሮ ይመሯታል። እዚያ ደግሞ መታጠቢያው ከክፍሉ ጋር መሆን አለበት ይባላል። ለስንት አልጋ? ለአንድ! በአገራችን ሆቴሎች በኮከብ መመደብ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ያ ለትልልቆቹ ነው፣ ደግም አደረጉ። እማዬ ኮከብ አልፈለገችም። የፈለገችው አንድ አልጋ ላላት ሴት የሚሆን አንድ ቀላል ወረቀት ነበር፤ እሱን የሚሰጣት መስኮት አጣች። ያልተመዘገበችው ስላልፈለገች ነው የሚል ካለ፣ የተቀደደ ጫማዋን ላሳየው እችላለሁ።

ደግሞ ያም ሆኖ... ይኼን ስጽፍ ለእናቴ እየተከራከርኩ መሆኔ ይታወቀኛል። እውነቱን ለመናገር ሰውየው እሳት ማጥፊያ ጠየቁ፣ መዝገብ ጠየቁ፣ ካርታ ጠየቁ፤ አንድ ያልጠየቁት ነገር አለ። «እዚህ ክፍል ውስጥ ከዚህ በፊት ማን ይኖር ነበር?» አላሉም። እሱን የጠየቁን የሰሜን ሸዋው አዛውንት ብቻ ናቸው።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ከኛ ቀድሞ ተቸግሯል። የኤርቢኤንቢን ስም ሰምታችሁ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተመሠረተ፣ ሰው ቤቱን ወይም ክፍሉን በሌሊት ለመንገደኛ የሚያከራይበት ድርጅት ነው። ጅማሬው ሳሎን ላይ በአየር የሚነፋ ፍራሽ ማከራየት ነበር፤ ልክ እንደ እማዬ። ኋላ ላይ ግን ሙሉ ሕንፃ ገዝተው የሚያከራዩ መጡበት። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ጠበቅ አድርጋ በምታስፈጽመው ሕግ ከ30 ቀን በታች የሚያከራይ ሰው መመዝገብ፣ እሱም እዚያው ቤት ውስጥ አብሮ መኖር፣ ከሁለት እንግዳም አለማስበለጥ አለበት። የባሕር ዳርቻዋ ጥንታዊ ከተማ ባርሴሎና ደግሞ ብሳ ሄደች፤ ከንቲባዋ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ለቱሪስት የሚከራዩ 10,101 አፓርታማዎችን ፈቃድ እስከ 2028 መጨረሻ ድረስ ማደስ እንደሚቆም አስታወቁ። ምክንያታቸው ነዋሪው ቤት አጣ የሚል ነው። ሲስተር ባርሴሎና ውስጥ ብትሆን ኖሮ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ አዛውንቱ ባርሴሎና ቢሄዱ የት ሊያድሩ ነው ብዬ አሰብኩ። የትም አልደረስኩም።

ባለፈው የመስቀል በዓል ለዮ ማስቃላ ዶርዜ ወጣን፤ የአባቴ ወገን ሁሉ ያኔ ነው የሚሰበሰበው። ሽሮ ሜዳ ያሉት ሸማኔዎች ሳይቀሩ ጠቅልለው ይመጣሉ። የሲቀላን ሙቀት ጥላችሁ ጠመዝማዛውን ዳገት ስትወጡ፣ ሁለቱ ሐይቆች አባያና ጫሞ ከነእግዜር ድልድያቸው ከሥር ይቀራሉ፤ ከላይ ጉምና ብርድ ይቀበላችኋል። የዶርዜን ቤት አይታችሁ ይሆናል፤ ከቀርከሃ የሚፈተል፣ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት የሚመስል። ምስጥ ከሥሩ ስለሚበላው እየተቆረጠ በየዓመቱ ያጥራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገም ሰው ተሰብስቦ አንሥቶት ይሄዳል። ቱሪስት የሚያድረውም እዚያው ነው።

አጎቴ ግቢ ሁለት ትናንሽ የቀርከሃ ቤቶች ተጨምረዋል፤ ለእንግዳ ብቻ የተሠሩ። ምሽት ላይ ሁለት ፈረንጆች ገብተው ከእንሰት ቂጣ በማርና በዳጣ ሲበሉ፣ የአጎቴ ቤተሰብ ደግሞ በትልቁ ቤት እሳቱን ከቦ ተቀምጧል። «አጎቴ፣ እነዚህን ቤቶች ስትሠራ ያስወጣኸው ሰው አለ?» አልኩት። ግራ ገባው። «ከየት ነው የማስወጣው? ቀርከሃው አለ፣ መሬቱ አለ፣ ሠራሁ።» ለኔ ግን ከአዋጁም ከባርሴሎናም የበለጠ የገባኝ ያኔ ነው። እሱ አልጋ ጨመረ፤ እኛ አልጋ ቀየርን። ሐረር ጀጎል ውስጥ አንዳንድ ቤተሰቦች በጥንታዊ ቤታቸው እንግዳ እንደሚቀበሉ አንብቤያለሁ። እነሱንም ልጠይቃቸው የምፈልገው ይኼንኑ ነው፤ እንግዳው የገባው በባዶ ክፍል ነው ወይስ በሰው ቦታ?

ደንብ አውጪ ብሆን (እግዜር ይጠብቃችሁ!) ለእንደ እማዬ ያሉት አንድ ገጽ ቅጽ ነው የማዘጋጅላቸው። ስምሽ ማን ነው፣ ግቢው ውስጥ ትኖሪያለሽ ወይ፣ ስንት አልጋ አለሽ፣ የእንግዳውን መታወቂያ ትመዘግቢያለሽ ወይ። ከታች ደግሞ አንድ ጥያቄ፤ ይኼ ክፍል ባለፈው ዓመት ተከራይ ነበረው ወይ? ነበረው ካለች፣ ያ ሰው ውሉን ጨርሶ በፈቃዱ መውጣቱን ፈርሞ ያሳይ። ለምረቃ ሳምንትና ለጥምቀት ግን ሁሉም በሩን ይክፈት፣ ማንም አይቀጣ። አንድ አባት ልጁን ለማስመረቅ መጥቶ አጥር ተደግፎ ማደር የለበትም። ጓደኞቼ ይኼን ሳነብላቸው «ሲስተርን በዚህ አትመልሻትም» አሉኝ። አልመልሳትም።

ሒሳቡንም ልንገራችሁ፤ ቁጥር ብቻ አታምጪ ተብዬ ነበር፣ ግን ያለሱ አይሆንም። ሰውየው ከሄዱ በኋላ የእንግዳ መዝገብ በደብተር አስምሬ ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል። ፈቃዱ ገና ነው፤ መዝገቡ ግን ይኸው ይሞላል። በጥር መጨረሻ 2018 ዓ.ም. ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ከሐምሌ እስከ ጥር ባሉት ሰባት ወራት ያደረብን ሰው 23 ሌሊት ብቻ ነው። ሁሉም በ600 ብር ነው ብንል 13,800 ብር። ሲስተር ብትኖር ኖሮ በእነዚያው ሰባት ወራት 15,400 ብር ትከፍል ነበር። ሳሙናው፣ የአንሶላው እጥበት፣ የደላላው ድርሻ ገና አልተነካም። ደብተሩን ለእማዬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችውና «ምረቃ ሲደርስ ይካካሳል» አለች።

ሲስተር በዚያው በጥር፣ ለጥምቀት ማግስት፣ ልጇን ይዛ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። እማዬ ቡና አፈላች። ልጁ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ሄዶ የድሮ በራቸውን ገፋ። አልተቆለፈም ነበር። አልጋው በነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ አጎበሩ ከዚያች ምስማር ላይ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል።

«አሁን ማን ነው እዚህ የሚተኛው?» አለኝ።

«እንግዳ።»

«የት አለ?»

«ገና አልመጣም» አልኩት።

ሳሎን ስንመለስ እማዬ ሲስተርን የሴቻውን ኪራይ ስትጠይቃት ደረስን። «3,500 ገብቷል እትዬ» አለች ሲስተር። እማዬ ሦስተኛውን ቀድታ ሰጠቻት። ስለ ክፍሉ ማንም ምንም አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁም። ትንሽ ቆይቶ የእማዬ ስልክ ጠራ፤ ደላላው ነው። «አለ» አለችው። እኔም ትራስ ልብስ ላወጣ ወደ ቁም ሣጥኑ ሄድኩ።